ከመልሱ በፊት ሙከራው

ቶርንዳይክ በ1898 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ድመቶችን ሣጥን ውስጥ ዘግቶ ምግቡን ውጭ አስቀመጠ። ቧጨሩ፣ ነከሱ፣ በአጋጣሚ መክፈቻውን ነኩ፤ ሙከራው ሲደጋገም የሚወጡበት ጊዜ አጠረ። ስኪነር ሐሳቡን አሳደገው፤ በእሱ ሣጥን አይጧ ማንሻ ስትጫን ምግብ መቼ እንደሚወርድላት የሚወስነው ተመራማሪው ነው። የመጀመሪያው ትኩረት የተማሪው ፍለጋ ነው፤ የሁለተኛው የሽልማቱ ሥርዓት።

በጥናት ቡድኖቻችን ሁለተኛው በዝቷል እንላለን። ውጤት የሚያስገኘው የድሮ ፈተና መሸምደድ ከሆነ የሚጠነክረው ሽምደዳው ነው። ስለዚህ ፍሬሽ ተማሪዎችን ስናስጠና መልሱን ከመንገራችን በፊት አሥር ደቂቃ ራሳቸው ይሞክሩ፤ ይሳሳቱም። ትክክለኛውን መንገድ ሲያገኙ ደግሞ ወዲያው «ጎበዝ» እንበላቸው። ሁለቱም ያስፈልጉናል፤ የሚቀድመው ግን ሙከራው ይሁን።