ሻጩ የማን ሠራተኛ ነው?

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤



በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ዕቃ አንጠልጥለው ከቢሮ ወደ ቢሮ፥ ከሱቅ ወደ ሱቅ የሚዞሩትን ወጣቶች የማያውቅ አንባቢ የለም። የውሃ ማጣሪያ፥ መጽሐፍ፥ ቅባትና የጽዳት ዕቃ ይሸጣሉ። የወር ደመወዝ የላቸውም፤ የሚከፈላቸው ከሸጡት ላይ በኮሚሽን ነው። ብዙዎቹም ከእኛ ከመምህራን እጅ የወጡ ልጆች ናቸው። ለመጻፍ ያነሣሣኝ የኮሚሽኑ ማነስ አይደለም፤ እነዚህ ሰዎች በሕግ ፊት የማን ሠራተኞች ናቸው? የሚለው ጥያቄ ነው።

አስተምራት የነበረች አንዲት ልጅ የፈረመችውን ውል እንዳነብላት በስልኳ ፎቶግራፍ አንሥታ አመጣችልኝ፤ ቅጂ አልተሰጣትምና። ውሉ «ነጻ የሽያጭ ወኪል» ይላታል፤ በራሷ ኃላፊነት የምትሠራ እንጂ የድርጅቱ ተቀጣሪ አለመሆኗንም በሦስት ቦታ ይደጋግማል። ሥራሽ እንዴት ነው? ብዬ ብጠይቃት፥ ጧት በሁለት ሰዓት ስብሰባ ትገባለች፤ ካረፈደች ከኮሚሽኗ ይቆረጥባታል፤ የድርጅቱ ስም የተጻፈበት ካናቴራ ትለብሳለች፤ የምትዞርበትን ሠፈር አለቃዋ ይወስንላታል፤ ዋጋ መቀነስም ሆነ የሌላ ድርጅት ዕቃ መያዝ ክልክል ነው። እንግዲህ ነጻነቷ የቱ ላይ ነው? ነጻ መሆኗ የታወቀው በሥራ ላይ ሳለች ከፎቅ ደረጃ ወድቃ እግሯ በተሰበረ ጊዜ ነው። የሕክምና ወጪ ብትጠይቅ፥ «አንቺ ነጋዴ ነሽ፤ ነጋዴ ራሱን ያሳክማል» ተባለች።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደሚለው፥ አንድ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው በአሠሪ መሪነት ለመሥራት ከተስማማ የሥራ ውል አለ። ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 3፥ በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራውን ሰው ከአዋጁ ውጭ ያደርገዋል። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ነገር ግን የድንበሩ ምልክት በዝርዝር ስላልተጻፈ፥ ውሉን ቀድሞ የሚያዘጋጀው ወገን ችካሉን በወደደው ቦታ ይተክለዋል። ከድንበሩ ማዶ የተጣለው ሻጭ በቀን ስምንት ሰዓት የሚለውን ወሰን፥ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍትን፥ ሴት ብትሆን 120 ቀን የወሊድ ፈቃድን፥ በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፈለውን ካሣ ሁሉ ያጣል። አሠሪው 11 በመቶ፥ ሠራተኛው 7 በመቶ የሚያዋጡበት ጡረታም ይቀርበታል። ሃያ ዓመት በእግሩ የዞረ ሰው እግሩ ሲዝል ምን ይበላል?

ፍርድ ቤት ሄዳ ትከራከር የሚል ይኖራል። እውነት ነው፥ ዳኛ ከወረቀቱ ይልቅ ሥራውን ሊመለከት ይችላል። ግን በኮሚሽን የምታድር ልጅ ክርክር ላይ የዋለችበት ቀን እንጀራ የሌለበት ቀን ነው።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፥ በሥራ ውል ተቀጥሮ ደንበኞችን የሚጎበኘውን ሻጭና በሥራ ውል ያልታሰረውን የንግድ ወኪል ለየብቻ ጽፏቸው ነበር። ያን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ፥ ከእርሳቸውም ሞት በኋላ አልፍሬድ ዦፍሬ ናቸው። በእነርሱ አገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1937 ለተዘዋዋሪ ሻጮች የተለየ ሕግ ወጥቶላቸዋል። ዛሬም በፈረንሳይ የሠራተኛ ሕግ፥ ሻጩ ለራሱ የማይነግድ ከሆነ፥ ዕቃው፥ ክልሉና ክፍያውም ከተወሰነለት፥ ውሉ ሌላ ቢልም እንኳ ሠራተኛ ይባላል። አሜሪካ በሌላ መንገድ ሄዳለች፤ በ1982 የወጣው የግብር ሕግ፥ ክፍያው ከሽያጭ ጋራ የተያያዘና ሠራተኛ አይደለም የሚል ጽሑፍ የፈረመውን የቤት ለቤት ሻጭ ለፌዴራል ግብር ጉዳይ ሠራተኛ አይለውም። በበኩሌ ለእኛ የሚስማማን የፊተኛው ይመስለኛል፤ የሚፈርመው ሰው ሥራ ያጣ ወጣት ሲሆን ፊርማው ብዙ አይናገርምና።

ሁሉም ሻጭ ይቀጠር ማለቴ ግን አይደለም። ከሽሮ ሜዳ ነጠላ በዱቤ ወስዳ በየመሥሪያ ቤቱ በፈለገችው ዋጋ የምትሸጠው ጎረቤቴ ነጻ ናት፤ ቅጠሩኝም አትልም። ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ አውጥቶ በራሱ ሰዓት የሚሠራ የመድን ወኪልም እንደዚሁ ነው። (በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት መጽሐፍ በአህያ ጭኖ ገበያ ለገበያ የሚዞር ሰው ነበር፤ እርሱ ግን ከዘበኛውና ከአትክልተኛው ጋራ በደመወዝ መዝገብ ይፈርም ነበር፤ ማንም ነጋዴ ነህ አላለውም።)

ድርጅቶች ደመወዝ ክፈሉ ከተባልን ሰው አንይዝም ይላሉ። ኮሚሽን ይቅር ያለ የለም፤ በሥራ ውል ውስጥም በሥራ ውጤት መክፈል ይቻላል። የጧቱን ስብሰባና ቅጣቱን ትተው ነጻ ይልቀቋት፤ ይህን ካልፈለጉ ይቅጠሯት።

ስለዚህ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ምልክቶቹን ለይቶ በመመሪያ እንዲያወጣ አሳስባለሁ፤ ሰዓቱን፥ ሠፈሩንና ዋጋውን የሚወስነው ማን ነው? ሻጩ ለሌላ መሸጥ ይችላል ወይ? ይቀጣል ወይ? እነዚህ በድርጅቱ እጅ ከሆኑ፥ ድርጅቱ ሌላ መሆኑን እስኪያስረዳ ድረስ ሻጩ ሠራተኛ ይቆጠር። የውሉም ቅጂ በፈረመበት ቀን ይሰጠው።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ