ኮምፒውተር ለመገጣጠም ላሰባችሁ

የጨዋታ ኮምፒውተር ለመገጣጠም ከከሚሴ መርካቶ ድረስ ከመሄዳችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ። የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ተወዷል፤ ገንዘቡም ብዙውን ጊዜ የአባት ነው።

ዋናውን ወጪ የሚበላው ግራፊክስ ካርድ ነው። እጅ ካጠረ ግራፊክሱ አብሮት የተሠራ፣ እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ያለ ፕሮሰሰር ለጊዜው ይበቃል፤ ካርዱ ኋላ ይጨመራል። እንዲህ ያለው ፕሮሰሰር ለምስሉ የሚጠቀመው ራሙን ስለ ሆነ፣ ከአንድ ባለ 16 ጊጋባይት ሁለት ባለ 8 መግዛት ጨዋታውን ያፈጥነዋል። ባለ መብራቱ ጌጠኛ ሣጥን ይቅርባችሁ፤ ለከሚሴ ሙቀት አየር በደንብ የሚያስገባ ተራ ሣጥን ይሻላል።

በፓወር ሰፕላዩ ግን አትቆጥቡ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉን መጀመሪያ የሚቀበለው እርሱ ነው፤ ርካሹ ሲቃጠል ማዘርቦርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።