ለአማቶች ቤት የትኛው ጠርሙስ ይሻላል?

በዚህ ሳምንት ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንድ የአዲስ አበባ ወጣት የላከው ትንሽ ፈገግ፣ ትንሽም ቆዘም አድርጎኛል። ልጁ የደብረ ሲና ልጅ አፍቅሯል። ሽማግሌ ተልኮ «እሺ» ተብሏል፤ አሁን ለዳግማይ ትንሣኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእጮኛው ቤተሰቦች ጋር ሊተዋወቅ ነው።

«ጓደኞቼ፣ ባዶ እጅህን እንዳትሄድ፣ አንድ ደህና የፈረንጅ ነጭ ወይን ያዝ አሉኝ» ይላል። «ዋጋውን ብጠይቅ የደመወዜን ግማሽ ሊወስድ ነው። ከዕቁባችን ሰብሳቢ ልበደር? ያገር ቤቱን ብወስድ ደግሞ አባቷ ‹ይሄ ልጄን በምን ሊያኖራት ነው!› ይሉኝ ይሆን? ሰውዬው ጠጅ የለመዱ ናቸው።»

የለም ወንድሜ፣ አትበደር! ገና ሠርግ አለብህ። መልሱ ደግሞ ራስህ በመጨረሻ ጣል ባደረግሃት ቃል ውስጥ ነው። አባትየው ጠጅ የለመዱ ናቸው ብለሃል። ጠጅ የለመደ ምላስ የማር ጣፋጭነት፣ የጌሾ ምሬት፣ ከብርሌው አንገት የሚወጣ መዓዛ ነው የሚያውቀው። ለእኚህ ሰው «ድራይ» የሚል የተጻፈበት ውድ ጠርሙስ ብትከፍትላቸው ፊታቸውን ኮምተር አድርገው «ምነው፣ ሆምጥጧል እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም። ድራይ ማለት ስኳሩ በሙሉ ወደ አልኮል ተለውጦ ያለቀ ማለት ነው። አልተበላሸም፤ ግን ይህን ለአማትህ ቁጭ ብለህ ልታስረዳ ነው? አንተ የምትፈልገው መዓዛ ያለውና መለስተኛ ጣፋጭ የሆነውን ነው። ጠርሙሱ ላይ «ሚዲየም ስዊት» የሚለውን ፈልግ።

ጓደኞችህ የመከሩህ ምናልባት ፈረንሳይና ጀርመን ድንበር ላይ አልዛስ ከሚባለው አገር የሚመጣውን ይሆናል። እዚያ «ጌቩርትዝትራሚነር» የሚባል (ለመጥራት እንኳ ምላስ የሚያስር!) ወይን ይበቅላል፤ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይሸታል። ጥሩ ነው፣ አልክድም። ግን ባሕር ተሻግሮ፣ ቀረጥና ኤክሳይዝ ተጨምሮበት እኛ ዘንድ ሲደርስ ዋጋው የሚሆነውን አይተኸዋል። ከምትከፍለው ገንዘብ ብዙው ለመዓዛው አይደለም።

ያገር ቤቱስ? የወይን ጠጅ ፋብሪካ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አዋሽ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የነበረ ሲሆን ከቀዩ ጉደርና ከጣፋጩ አክሱሚት ጋር ክሪስታልና ከሚላ የሚባሉ ነጮችም አውጥቷል። ለአንተ ግን የማስበው የዝዋዩን ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ሄደህ፣ ሐይቁ አጠገብ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው ከተማ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ያቋቋመው የወይን እርሻ አለ። እርሻው እ.ኤ.አ. በ2007 ገደማ ተጀመረ፤ ችግኙ ከፈረንሳይ መጣ። የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ገበያ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ጉማሬና ጅብ ወይኑን እንዳያበላሹ በእርሻው ዙሪያ ቦይ ተቆፍሯል ቢባል ታምናለህ? የቦርዶ ገበሬ እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም!

ሰዎች «ስምጥ ሸለቆ ሙቅ ነው፣ እንዴት ነጭ ወይን ይሆናል?» ሲሉ እሰማለሁ። ዝዋይ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነው። ቀን ፀሐይ ፍሬውን ያጣፍጠዋል፤ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል ኮምጣጣነቱ በአንድ ጊዜ አያልቅም። ጣፋጭ ብቻ የሆነ ወይን እንደ ሽሮፕ ይሰለቻል፤ ጣፋጭም ቆንጠጥም ያለው ነው ሁለተኛውን ብርጭቆ የሚያስጠጣ። ከዚያ እርሻ ሁለት ስሞች ይወጣሉ፦ ሪፍት ቫሊና አካሽያ። የሪፍት ቫሊው ነጭ ሻርዶኔ ድራይ ነው፤ ለአባትየው አይሆንም። «አካሽያ ሚዲየም ስዊት ነጭ» የሚለውን ያዝ። መለያው ላይ «ነጭ» መሆኑን እይ፤ ቀይም አለውና።

ንቀት ነው ይሉኛል ብለህ የፈራኸው እንኳ ይቅር። ጠርሙሱን ስታስቀምጥ «አባባ፣ ይሄ የዝዋይ ነው፣ የራሳችን አገር ወይን» በላቸው። ወሬ ይከፍትልሃል። የፈረንጁን ብታመጣ ስሙን እንኳ ሳትጠራላቸው ልትቀመጥ ነበር።

አሁን ወደ መንገዱ። ደብረ ሲና ወደ 190 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደብረ ብርሃንን አልፈህ ጣርማ በርን፣ ጣሊያን የሠራውን ዋሻ ከወጣህ በኋላ ቁልቁል ነው። ጠርሙሱን ሞተሩ አጠገብ እንዳታስቀምጠው! ወይን ሙቀት ካገኘው መዓዛው ይሞታል። በጋቢ ጠቅልለህ እግርህ ሥር አድርገው። እዚያ ስትደርስ ፍሪጅ አለ ወይ ብለህ ሰው አታስጨንቅ፤ ባልዲ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ብታቆየው የደብረ ሲና ውኃ ይበቃዋል። በጣም በረዶ ከሆነም መዓዛው ይደበቃል፤ ወደ 10 ዲግሪ አካባቢ ነው ደጉ። ቡሽ መንቀያ መያዝ አትርሳ፤ ቡሹን በቢላዋ ስትታገል የልጅቷ ወንድሞች እንዲያዩህ አልፈልግም።

ከዶሮ ወጥ ጋር ይስማማል። በርበሬው ሲያቃጥል ትንሽ ጣፋጭነት አፍ ያበርዳል፤ ድራይ ቀይ ግን ከበርበሬ ጋር ይጣላል፣ ያመርራል። ከምግብ በፊት ከሆነም በደብረ ሲና ቆሎ ይቀመሳል፤ ቆሎውን መንገድ ላይ ከሴቶቹ ግዛ፣ እግረ መንገድህን ገበያ ታደርጋለህ። ስትቀዳ ደግሞ ጠጅ አሳላፊ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀድሞ እንደሚቀምሰው፣ መጀመሪያ ለራስህ ትንሽ ቅመስና ከዚያ ለአባትየው ቅዳ። ይህን ወግ ደብረ ሲና ያውቀዋል፤ ጨዋ ያሰኝሃል። አንድ ጠርሙስ አምስት ወይ ስድስት ብርጭቆ ነው የሚወጣው፤ ቤተሰቡ ብዙ ከሆነ ሁለት ያዝ። ሁለቱም ቢሆኑ ከፈረንጁ አንዱ ጋር አይደርሱም።

አንድ ነገር ግን አስቀድመህ እጮኛህን ጠይቃት። አባትየው በሐኪም ትእዛዝ መጠጥ ትተው እንደሆነስ? ትተው ከሆነ ጠርሙሱን እርሳው፤ ቡናና ስኳር ይዘህ ግባ። የማይጠጣ ሰው ፊት ወይን መክፈት አያምርም። ቀምሰው «ጥሩ ነው» ብለው ወደ አረቄያቸው ከተመለሱም አትከፋ፤ ጠርሙሱን ወደ እናትየው አስጠጋው። የተረፈውን ቡሹን መልሰህ ብርድ ቦታ አስቀምጡት፤ ሁለት ቀን ይቆያል።

እንዴት እንደሆነ ጻፍልን!