«ባዕድ» ብዬ የፈረምኩበት ዘፈን

ማመልከቻው ከደጅ ደጅ ሲዞር እኔ ጋ የደረሰው ቡና እያፈላሁ ነው። የምኖርበት ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ የብሎካችን ነዋሪዎች ለኮሚቴው የጻፉት ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ደረጃው ሥር ተሰብስበው ሬጌ የሚያዳምጡ፣ አብዛኞቹ ፀጉራቸውን ድሬድ ያደረጉ ወጣቶች «ባዕድ ባህል እያስፋፉ» ስለሆነ ይነሡልን ይላል። ሐሺሽም ተጠቅሷል። እኔ ከእነሱ መካከል ሲያጨስ ያየሁት አንድም ልጅ የለም፤ አየሁ የሚል ሰውም አልገጠመኝም። ግን የ16 ዓመት ልጄ ከእነሱ ጋር መቆም ጀምሮ ነበር። ፈራሁና ፈረምኩ።

በቀጣዩ እሑድ ዘፈኑ እንደ ወትሮው በመስኮት ገባ። ልጄ ደብተሩ ላይ እንዳቀረቀረ የእንግሊዝኛውን ግጥም ቃል ሳይስት ይከተላል። ልቆጣ ተዘጋጅቼ «እስኪ ምን እንደሚል ንገረኝ» አልኩት። «እማዬ፣ የጃንሆይ ንግግር እኮ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 23 ቀን 1956 ዓ.ም. ኒውዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆመው ስለ ሰው ዘር እኩልነትና ስለ አፍሪካ ነፃነት ተናግረው ነበር፤ የተናገሩትም በአማርኛ ነው። ከ13 ዓመት በኋላ ቦብ ማርሊ ከዚያ ንግግር የእንግሊዝኛ ትርጉም ላይ አንዱን ክፍል ወስዶ፣ ቃሉን እምብዛም ሳይነካ፣ «ዋር» የተባለውን ዘፈን አደረገው። በእኛው ቋንቋ የተነገረ ቃል ባሕር ተሻግሮ፣ ጃማይካ ላይ ዜማ ለብሶ፣ እኛ ደረጃ ሥር ተመልሶ መጥቷል። እኔ ደግሞ ባዕድ ነው ብዬ ፈርሜበታለሁ።

ያን ዕለት ከወጣቶቹ በዕድሜ ተለቅ የሚለውን ቡና ጠራሁት። ቤተሰቡ እዚህ የገባው ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ለልማት ሲፈርስ እንደሆነ አጫወተኝ። «እትዬ፣ እዚያ እኮ የማን ልጅ እንደሆንኩ ባለሱቁም ያውቃል። እዚህ ስንመጣ የብሎክና የቤት ቁጥር ሆንን። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ብቻዬን ሬጌ ከፍቼ ተቀምጬ ሳለ የማላውቀው ልጅ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰፈር ያገኘሁት ያን ቀን ነው።»

ሰሚት የሚገኝበት ለሚ ኩራ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ የተመሠረተ፣ የከተማችን 11ኛው ክፍለ ከተማ ነው። ሰሚት፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ እያልን የምንጠራቸው የኮንዶሚኒየም መንደሮች ነዋሪዎቻቸውን ያገኙት ከዚያም ከዚህም ነው፤ አንዱ ዕጣ ወጥቶለት፣ ሌላው ቤቱ ፈርሶበት፣ ሌላው ተከራይቶ። እኛ ትልልቆቹ ዕድሩንም ማኅበሩንም እንደገና አቋቋምን። ልጆቹ ግን ምን ላይ ይሰባሰቡ? ኳስ ሜዳ የለም። ያላቸው ደረጃና ስልክ ነው፤ ሰፈርም የሠሩት በእነዚህ ነው።

ለምን በሬጌ ቢባል መልሱ ሩቅ አይደለም። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ይባሉ የነበሩት ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሲነግሡ፣ በባርነት ወደ ጃማይካ የተጋዙ አፍሪካውያን ዘሮች ዜናውን የመዳን ምልክት አድርገው ተቀበሉት። የእምነታቸውን ስም ከንጉሡ የቀድሞ ስም ወሰዱ፤ ቀለሙንም ከሰንደቅ ዓላማችን፤ ሬጌም የዚህ እምነት ድምፅ ሆነ። ጃንሆይም በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ የዓለም ጥቁሮች ሻሸመኔ ላይ 5 ጋሻ መሬት ሰጡ። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን ሲገቡ የተቀበላቸው ሕዝብ የአውሮፕላን ማረፊያውን አጥለቀለቀው። ወደ ሻሸመኔ ከመጡት ብዙዎቹ ግን መሬታቸውን ደርግ ወረሰው። እዚሁ የተወለዱ ልጆቻቸው እንኳ ለዓመታት ያለ ዜግነት ኖሩ። መንግሥት መታወቂያ እሰጣችኋለሁ ያላቸው በ2009 ዓ.ም. ነው።

ጎረቤቶቼ የሚፈሩትን አውቃለሁ፤ እኔም ፈርቼዋለሁ። በዚያ እምነት እንዳለው ንጉሥን እንደ አምላክ ማየት ለእኛ ጆሮ ይከብዳል። ጋንጃም በሕግ የተከለከለ ነው፤ መከልከሉንም እደግፋለሁ። ነገር ግን ዘፈኑን የወደደ ሁሉ እምነቱን አልተቀበለም፤ ፀጉሩን ያሳደገ ሁሉም አያጨስም። ደረጃው ሥር ከሚቀመጡት መካከል ጾም የሚይዝ አለ፤ ለሶላት የሚነሣ አለ። ቦብ ማርሊ ራሱ ከማረፉ ስድስት ወር ቀደም ብሎ በአቡነ ይስሐቅ እጅ ተጠምቆ፣ ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጅ ሆኗል። ፀጉሩንም ቢሆን ከጃማይካ በፊት እናውቀዋለን። ገዳም ስንሄድ ባሕታዊ አይተን ጎንበስ ብለን እንሳለማለን። በአምስቱ የጠላት ዘመን ዱር የገቡ አርበኞቻችንን ፎቶግራፍ አይተን በጎፈሬያቸው እንኮራለን። ያው ፀጉር የኮንዶሚኒየም ልጅ ራስ ላይ ሲበቅል የጥፋት ማስረጃ እናደርገዋለን።

ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም. የቦብ ማርሊ 60ኛ የልደት በዓል ሲከበር መስቀል አደባባይ ነበርኩ። ያን ቀን ሬጌን ባዕድ ያለው አልነበረም። ከዚያም ገርጂ ላይ አደባባይ በስሙ ጠራን። ኢዮብ መኮንን በአማርኛ ሬጌ ሲያዜም ወደድነው፤ ነሐሴ 2005 ዓ.ም. በአጭር ሲቀጭ አለቀስንለት። ያ ቡና የጠጣው ልጅ ግን በትምህርቱ ተመርቆ ለሥራ ቃለ መጠይቅ በሄደበት አንድ መሥሪያ ቤት የቀረበለት የመጀመሪያ ጥያቄ «ፀጉርህን መቼ ትቆርጣለህ?» የሚል ነበር። ሁለተኛ ጥያቄ አልነበረም። አንድን ሙዚቃ መድረክ ላይ አጨብጭበንለት፣ የሚወዱትን ልጆች ደጃችን ላይ ስናሳድድ፣ አገራቸው የዘፋኙ እንጂ የእነሱ እንዳልሆነች እየነገርናቸው ነው።

ባለፈው የብሎክ ስብሰባ ተነሥቼ ያወቅሁትን ተናገርኩ። ድምፁ ማታ እንዲቀነስ እኔም እፈልጋለሁ፤ ይህንንም ለልጆቹ ነግሬያቸው በአንድ ቃል ተስማምተዋል። «ባዕድ» የሚለው ቃል ግን ከማመልከቻው ይውጣ አልኩ። ኮሚቴው ወረቀቱ ለወረዳው ገብቷልና አይመለስም አለኝ። ስሜ እዚያ ዶሴ ውስጥ እንዳለ ይኖራል። ይህን ዓምድ የጻፍኩት አንድ ቀን ያን ወረቀት የሚያነብ ሰው ቢኖር ይህንንም ከጎኑ እንዲያነብልኝ ነው።