ሁለት ክራር በአንድ ቤት

ለልጅዎ ክራር ሊገዙ አስበው ከሆነ፣ ወደ ገበያ ከመውጣትዎ በፊት ይህችን ገጽ ያንብቡልኝ። እኔ የሚመክረኝ ሳላገኝ ገዝቼ ተቀጥቻለሁ።

ልጄ አሥር ዓመት ሲሞላት ክራር ካልተገዛልኝ አለች። ቸርችል ጎዳና ካሉት የስጦታ ዕቃ መደብሮች ከአንዱ ገባሁና ዓይኔን የሳበውን አነሳሁ፤ በዛጎል ያጌጠ፣ ዙሪያውን ጥለት የተለበጠ። አንድ ወር ያህል እንደተማረች፣ አንድ ማታ ክራሩን አልጋው ላይ አስቀምጣ «አባዬ፣ እኔ ጆሮ የለኝም መሰለኝ» አለችኝ።

ጆሮስ ነበራት። ቅኝት የማይይዘው ክራሩ ነው። አስተማሪዋ ትዝታን ቃኝቶ ይሰጣታል፤ ዜማው ሳያልቅ አንዱ ክር ይወርዳል። እሷ ግን ጥፋቱን የራሷ አድርጋው ኖሯል። ከወጣው ገንዘብ ይልቅ ያንገበገበኝ ይኸው ነው።

ሁለተኛውን አስተማሪዋ ላገናኘን የእጅ ባለሙያ አዘዝን። ዋጋው የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ነው፤ ጌጥ የሚባል ነገር ግን የለውም። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን ስናያቸው ልዩነቱ ፍንትው አለ። የመጀመሪያው ቆዳ በአንድ በኩል ተወጥሮ በሌላው ላልቷል፤ በጣት መታ መታ ሲያደርጉት ድምፁ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሁለቱ ቋሚዎች ከገበቴው ጋር የሚገናኙበት ቦታ ይነቃነቃል። ክሮቹ ሲወጠሩ ቋሚዎቹን ወደ ታች ስለሚስቡ፣ እዚያ ጋ ትንሽ ከተንቀሳቀሰ ቅኝት አለቀለት።

ስለዚህ ሱቅ ሲገቡ ጌጡን ይርሱት። ባለ ስድስት ክር ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ አምስቱ የቅኝቱን ድምፆች ይይዛሉ፤ ስድስተኛው ከመካከላቸው አንዱን በኦክታቭ ይደግማል። ሻጩ ይቃኝልዎትና እነዚህን ሁለት ክሮች አንድ ላይ ያስመቱ። ከዚያ ሌላ ዕቃ እያዩ አሥር ደቂቃ ይቆዩና እንደገና ያስመቱ። ከተለያዩ፣ አመስግነው ይውጡ።

ልጅዎንም ይዘው ይሂዱ። ክራር ሲገረፍ የማይፈለጉትን ክሮች አፍነው የሚይዙት የግራ እጅ ጣቶች ናቸው። ክሮቹ ተራርቀው ከታሰሩ ትንሽ እጅ አይደርስባቸውም። ይህን እኔ ከነጭራሹ አላሰብኩትም ነበር።

የእንጨት ወይስ የብረት ገበቴ? ለእኔ ጆሮ እንጨቱ ሞቅ ያለ ነው፤ ብረቱ ይጮኻል፣ ድምፁም ቶሎ አይጠፋም። ብረት ሲባል ግን አይናቁት። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ፣ የኤሌክትሪክ ጊታር ሳይለመድ፣ ጆን ዶፒየራ የተባለ ስደተኛ ባለሙያ በጊታር ሆድ ውስጥ ከስስ አሉሚኒየም የተሠሩ ሾጣጣ ሳህኖች ከትቶ ድምፁን አጎልቶታል፤ የብሉዝ ተጫዋቾች ዛሬም ይወዱታል። ለጀማሪ ልጅ፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም ለምንኖር፣ እንጨቱ ይሻላል። ጎረቤትም ያመሰግንዎታል።

መቃኛው እንደ ጊታር በብሎን የሚጠበቅ ቢሆን አይክፋዎት። ክሩ በጨርቅ ቀንበሩ ላይ የሚጠመጠምበት የጥንቱ አሠራር ያምራል፤ ግን የአዋቂ ጉልበት ይፈልጋል። ልጅ ራሷ መቃኘት ካልቻለች ሁልጊዜ ሰው ትጠብቃለች።

በክረምት ቆዳው እርጥበት ይስብና ይላላል፤ ይህ የተበላሸ እንዳይመስልዎት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥ ግን ቆዳውን ይሰነጥቀዋል። መኪና ውስጥም አይተዉት።

የእኛዋ አሁን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወልቅ ክራሯን ትቃኛለች። ማታ ማታ በእናቷ አሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ታስቀምጠዋለች፤ ማንም እንዳይነካው ተብለናል። የመጀመሪያው ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እንግዶች ፎቶ የሚነሱት ከእሱ ጋር ነው።