«ማሲንቆው የታለ?» አትበሉኝ

ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ እየጠጣን አንዱ ስልኩን ወደኔ ገፋ አደረገና «ይቺ ልጅ ሐበሻ ናት እኮ!» አለኝ። አየሁት፤ ኬለላ ናት። ሙሉ ስሟ ኬለላ ሚዛነክርስቶስ፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ዋሽንግተን ዲሲ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደች፣ ሜሪላንድ ያደገች፣ የክለብ ሙዚቃና አር ኤንድ ቢ አዋህዳ የምትዘፍን ሴት። «አውቃታለሁ፤ ‹ሬቨን› የሚለውን አልበሟን ሰምተኸዋል?» አልኩት። «ትንሽ ሰምቻለሁ።» ስንት? «ሁለት ዘፈን፣ እሱንም ግማሽ ግማሽ።» ከዚያ ይቺን ጽሑፍ ያመጣችውን ዓረፍተ ነገር ተናገረ፤ «ግን ምኑ ላይ ነው ሐበሻነቷ? ማሲንቆ እንኳ የለበትም። የፈረንጅ ሙዚቃ ነው።»

በአንድ ትንፋሽ ልጅቷን ወሰደ፣ ሙዚቃዋን መለሰ።

መቼም ሰው በመውሰድ ማንም አይችለንም። ውጭ አገር አንድ ሰው ስሙ ከተጠራ፣ አያቱን ቆጥረን፣ የእናቱን ሰፈር አጣርተን፣ «ትውልደ ኢትዮጵያዊ» ብለን ለጥፈንበት ቁጭ ነው። ሥራውን ማንበብ፣ ማየት፣ መስማት ግን ሌላ ጣጣ ነው። ለዚያ ጊዜ የለንም። የጓደኛዬ ነገር የከነከነኝ ግን ስንፍናው አይደለም፤ እኔም ሰነፍ ነኝ። የከነከነኝ «የፈረንጅ» የምትለዋ ቃል ናት።

«ፈረንጅ ማለት እኮ የውጭ ማለት ነው» ትሉኝ ይሆናል። እሺ። ታዲያ ሬጌን ማን ነው «የፈረንጅ ሙዚቃ» የሚለው? ማንም። በ2005 የቦብ ማርሌ 60ኛ ዓመት ልደት ሲከበር መስቀል አደባባይን ያጥለቀለቀው ሕዝብ «ማሲንቆው የታለ?» ብሎ አልጠየቀም። ቦብ ማርሌ ማሲንቆ መትቶ አያውቅም። ሬጌን ያለ ጥያቄ የተቀበልነው ስማችንን ስለሚጠራልን፣ ንጉሣችንን ስለሚያወድስልን ነው። ሀውስና ቴክኖ ስማችንን አልጠሩም፤ ስለዚህ ፈረንጅ ናቸው። ሂሳቡ ይኸው ነው።

ፈረንጅ ግን አይደሉም። «ሀውስ» የሚለው ስም የመጣው በ1977 ቺካጎ ውስጥ ከተከፈተ «ዌርሃውስ» ከሚባል ክለብ ነው። ሙዚቃውን የሚያጫውተው ፍራንኪ ናክልስ ጥቁር ነው። የሚጨፍሩት አብዛኞቹ ጥቁርና ላቲኖ ወጣቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች፣ ሌላ ቦታ በር የሚዘጋባቸው ልጆች። (ይህን መስማት የማትወዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ታሪኩ ግን እንዲህ ነው፤ እየቆነጠርኩ አልነግራችሁም።) በሐምሌ 1979 እዚያው ቺካጎ አንድ የሬዲዮ አቅራቢ በቤዝቦል ጨዋታ መሐል የዲስኮ ሸክላዎችን በፈንጂ አጋየ። ሰው ሸክላ ይዞ እንዲመጣ በርካሽ ትኬት ተጠርቶ ነበር። በዚያ ምሽት ስታዲየሙ ውስጥ ሰው በማስተናገድ ሥራ ላይ የነበረ ቪንስ ሎውረንስ የሚባል ጥቁር ልጅ፣ ከተሰበሰቡት ሸክላዎች ብዙዎቹ ዲስኮ እንዳልነበሩ፣ የጥቁር ሰው ሙዚቃ ብቻ እንደነበሩ በኋላ መስክሯል። ልጁ ዝም ብሎ አልቀረም። በ1984 ከጄሲ ሳንደርስ ጋር ሆኖ ብዙዎች የመጀመሪያው የሀውስ ሸክላ የሚሉትን ‹ኦን ኤንድ ኦን›ን ሠራ። እነዚያን ሸክላዎች ያቃጠሉበት ሰዎች የሚመቱበትን ምት እስከ ዛሬ ይጨፍሩበታል።

ቴክኖ ደግሞ ከዲትሮይት ነው። ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቨን ሳንደርሰን፣ የአንድ ትምህርት ቤት ሦስት ጥቁር ልጆች። መሣሪያዎቹም ቢሆኑ የሀብታም ዕቃ አልነበሩም። የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያወጣቸው 808፣ 909 እና 303 የሚባሉት ማሽኖች ገበያ ላይ ወድቀው አሮጌ ዕቃ ቤት ተጣሉ። ልጆቹ የገዟቸው ከዚያ ነው። ምናለሽ ተራ እንደማለት ነው። የዛሬው ዓለም የሚጨፍርበት ድምፅ የተለቀመው ከምናለሽ ተራ ነው።

ታዲያ በ1988 የዲትሮይቶቹ ሥራዎች ተሰብስበው እንግሊዝ ውስጥ በአልበም ወጡ፣ አውሮፓ አበደ፣ ከዓመታት በኋላም ሙዚቃው ወደኛ ሲመጣ ባለቤቶቹ ተረስተው ነበር። ባለፈው ቦሌ አካባቢ አንድ ክለብ በር ላይ «ሀውስ ናይት» የሚል ፖስተር አየሁ። ሥዕሉ ላይ ጸጉሯ የነጣ ወርቅ የሆነ የፈረንጅ ልጅ ናት እጇን ሰቅላ ያለችው። ጓደኛዬን ሙሉ በሙሉ ባልወቅሰው ይሻላል።

አሁን ወደ ሚያሳክከው ቦታ ልግባ። ኬለላ በቃለ ምልልሶቿ ደጋግማ የምትናገረው አንድ ነገር ነው፤ በዳንስ ሙዚቃ ውስጥ የጥቁር ሴት ቦታ። ራሷን የምትጠራው ጥቁር ብላ ነው። እኛ ደግሞ እሷን የምንጠራት «ሐበሻ» ብለን ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል? ዲሲ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ዘመድ ያለው ይጠይቅ። «እኛ ሐበሾች ነን እንጂ ጥቁር አይደለንም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስንት የአክስት ልጅ በእራት ጠረጴዛ ላይ ሲሰማ አድጓል? «ከነሱ ጋር እንዳትገጥሚ» የተባለችው ስንቷ ናት? የካቲት 23 ሲሆን ዓድዋ የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ድል ነው እንላለን፤ እውነትም ነው። የካቲት 24 ግን ሐበሻ ሆነን እንነቃለን። ጥቁርነትን የበዓል ልብስ አደረግነው።

በዚያው ዲሲ ዩ ስትሪት የሚባለው ሰፈር፣ ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት፣ «ጥቁሩ ብሮድዌይ» ይባል የነበረ ነው። የኛ ሰዎች ከዚያው አጠገብ 9ኛ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ከፈቱ፣ ሠሩ፣ ሰፈሩንም አሞቁት። በ2005 አካባቢ ቦታው «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል ሲባል የሰፈሩ ጥቁር አሜሪካውያን ቅር ተሰኙ፣ ተቃወሙ። ያኔ ብዙ ሐበሻ «ምቀኝነት ነው» አለ። ቅሬታው ከየት እንደመጣ ለመጠየቅ ግን ቀደም ሲል እዚያ ምን እንደተዘፈነ ማወቅ ያስፈልግ ነበር። ያለ ጥያቄ ሰተት ብለን የገባነው በነማን በር ነው?

ለዚህ ነው «ሬቨን»ን ከአንድ እስከ አስራ አምስት ስሙት የምለው። አልበሙ የወጣው በየካቲት 2023 በእንግሊዙ ዋርፕ ሬከርድስ በኩል ነው። ከ2017ቱ «ቴክ ሚ አፓርት» በኋላ አምስት ዓመት ጠፍታ ነበር። ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። በኔ መለኪያ ከአየር ጤና እስከ መገናኛ፣ ሰልፉን ጨምሮ።

የሰማሁትም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያው ‹ዎሽድ አዌይ› ሲጀምር ገና አየር ጤና ሰልፍ ላይ ነኝ። ምት የለውም። ድምፅና ሲንተሳይዘር ብቻ፣ እንደ ውኃ ከፍ ዝቅ የሚል። ዳንስ አልበም ብለው ሸጠውልህ ያለ ከበሮ ይጀምራል። ልትዘልለው ያምርሃል። እንዳትዘል። ምክንያቱም ሁለተኛው ‹ሃፒ ኤንዲንግ› ላይ ከበሮው ሲገባ፣ ያ ሁሉ ውኃ የተከመረው ለምን እንደሆነ ጉልበትህ ይነግርሃል። ጓደኛዬ «ግማሽ ግማሽ» የሰማው ይህን ነው ያጣው። ዲጄ ማለት ዘፈን መራጭ ብቻ አይደለም፤ ሰዓት አዋቂ ነው። መቼ እንደሚያስጠብቅህ፣ መቼ እንደሚለቅህ ያውቃል። ይህ አልበም የተሠራው እንደ አንድ ሌሊት ነው፤ ግማሽ ሌሊት አይነጋም።

ሜክሲኮ ስደርስ ‹ኮንታክት› ላይ ነኝ። ሙቀት ያለበት፣ ላብ ላብ የሚል ዘፈን ነው። ረዳቱ «ሂሳብ!» ሲለኝ ሁለቴ አልሰማሁትም። ከዚያ ‹ሆሊየር› መጣ፣ ከበሮው ጠፋ፣ ሴትየዋ ብቻዋን ቀረች። ክለብ ውስጥ ወደ ውጭ ወጥቶ አየር የሚወሰድበት ጊዜ አለ አይደል? እሱ ነው። ቀጥሎ የአልበሙ ስም የሆነው ‹ሬቨን› ቀስ እያለ ይነሳና ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ነው ምቱ የሚፈነዳው፤ ‹ብሩዚዝ› ይቀበለዋል። ከኡራኤል እስከ ሃያ ሁለት ያለው መንገድ ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ ተናዶ፣ እኔ ወንበሬ ላይ ትከሻዬን እየሰበርኩ ነበር። አጠገቤ የነበሩት እናት «ደህና ነህ ልጄ?» አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር አልበሙ እንከን አለው። ወደ መጨረሻው ውኃው በዝቶብኛል። ‹ሶርቤ› እና ‹ዲቮርስ› ላይ ሙዚቃው ቆሞ የሚንሳፈፍ ይመስላል፤ ቃላቱም በድምፅ ጭጋግ ተውጠው አንዳንዴ ምን እንዳለች ለመያዝ ሦስት ጊዜ መልሻለሁ። ይሁን። የመጨረሻው ‹ፋር አዌይ› ግን መጀመሪያ ወደነበረው ባሕር መልሶ ይጥልሃል፣ ያለ ከበሮ። ተመለስክ፣ ግን የሄድከው ሰው አይደለህም።

ስሙ ደግሞ። «ሬቨን» ማለት ቁራ ነው። እንግሊዝኛው ጆሮ ውስጥ ምን እንደሚል እንጃ፣ እኛ ግን ቁራን እናውቀዋለን። ኖኅ ከመርከብ የላከው፣ ልኮት ያልተመለሰው፤ ሄዶ የቀረ ሰው «የቁራ መልእክተኛ» የሚባልበት። አልበሙ ሙሉ ውኃ ነው፣ ሽፋኑ ላይ እንኳ ፊቷ ከውኃ ውስጥ ነው ብቅ ያለው። ዘፋኟ የኖኅን ቁራ አስባ ነው አልልም። እኔ ግን በአማርኛ ጆሮዬ ስሰማው፣ አባትና እናት ወደ ውጭ ሄደው የቀሩባት ልጅ፣ «አልመለስም፣ ደረቅ መሬት እዚሁ አግኝቻለሁ» ስትል ሰማሁ። ያገኘችው መሬት ጥቁር አሜሪካ ነው። ይህን ለመስማት ማሲንቆ አላስፈለገኝም።

ማሲንቆ ጠላቴ አይደለም። በኮምፒውተር ምት ላይ አራት ሰከንድ ማሲንቆ ጣል አድርጎ «ኢትዮጵያዊ» የሚል ማኅተም የሚመታውን ቅንብር ግን አልወደውም። ሽሮ ያላወቀ ሰው በርበሬ ስለነሰነሰበት ሽሮ አይሆንም። ማሽን ከኛ ጋር ባዳ ነው የሚለውም ውሸት ነው። ኃይሉ መርጊያ ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 አሜሪካ ሄዶ እዚያው ከቀረ በኋላ፣ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖውንና ሙግ ሲንተሳይዘሩን በድራም ማሽን ላይ ደራርቦ ካሴት ሠራ። የአባቶቻችንን ዜማ በማሽን። ያኔ ኬለላ እዚያው አካባቢ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች። ኃይሉ ለዓመታት ታክሲ ነዳ። በ2013 ያ ካሴት እንደገና ታትሞ ዓለም ሲደነቅበት፣ በዚያው ዓመት የኬለላ የመጀመሪያ ሥራ «ከት ፎር ሚ» ወጣ። አንዱ ቤቱን ተሸክሞ ወደ ማሽኑ ገባ፣ አንዷ ማሽኑ ቤት ውስጥ ቤቷን ሠራች። እኛ የመጀመሪያውን «የኛ»፣ ሁለተኛዋን «ሐበሻነቷ የታለ» እንላለን። ለነገሩ የኃይሉንም ቢሆን ሌሎች አንስተው እስኪያሳዩን ድረስ ስንቶቻችን ሰምተነው ነበር?

መገናኛ ወርጄ ጓደኛዬን አገኘሁት። ሳልከራከረው ኤርፎኔን ሰጠሁትና ከአንድ ቁጥር አስጀመርኩለት። «እንዳትዘል» ብቻ አልኩት። ማኪያቶው ቀዘቀዘበት። አንድ ጊዜ ቀና ብሎ «ይሄ ከበሮ የሚገባው መቼ ነው?» አለኝ። ጠብቅ አልኩት። ይህን ስጽፍ ኤርፎኔን እስካሁን አልመለሰልኝም።