በባትሪ የሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖች

በዚህ ወር አምዳችን ከምድር ሆነው በሬዲዮ ስለሚመሯቸው፣ በባትሪ ስለሚበሩ ትንንሽ አውሮፕላኖችና ስለ እሽቅድድማቸው ጥቂት እናወጋለን። ነገሩ የልጆች ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ካለ ይታገሠን። ክንፍ ቆርጦ፣ ሞተር መርጦ፣ ባትሪ መዝኖ አየር ላይ ያዋለ ወጣት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ያየውን ፊዚክስ በእጁ ዳስሶታልና።

በመጀመሪያው ዘመን ባትሪ አውሮፕላን ያነሣል ብሎ የሚያምን ጥቂት ነበር። ባትሪው ከባድ ስለነበረ ሠሪዎቹ በነዳጅ የሚሠሩትን ጯሂ ሞተሮች ይመርጡ ነበር። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ታፕሊን ግን እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1957 «ሬዲዮ ክዊን» የተባለችውን ሞዴል ከብርና ከዚንክ በተሠራ ባትሪ አበረሯት። ፍሬድ ሚሊትኪ የተባለው መሐንዲስ ደግሞ በሞዴሎች ላይ ብዙ ዓመት ከለፋ በኋላ፣ በ1973 ኦስትሪያ ውስጥ ሰው ያሳፈረ የኤሌክትሪክ አውሮፕላን ለመብረር በቃ። ዛሬ ትልልቅ ኩባንያዎች የሚደክሙበት ነገር መንገዱ በሞዴል ሠሪዎች ጠረጴዛ በኩል አልፏል ማለት ነው።

ወደ እሽቅድድሙ እንለፍ። በ1990ዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ወዳጅ ያፈራው «ስፒድ 400» በተባለው ሞተር ስም የሚጠራው ውድድር ነበር። ሞተሩ ርካሽና በቆርቆሮ የታሸገ ነው፤ ውስጡ ያለው ካርቦን ሲያልቅ አይቀየርም፣ ይጣላል። ኃይል የሚሰጡት ብዙውን ጊዜ 7 የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልት፣ በድምሩ 8.4 ቮልት ይሆናሉ። ሁሉም ተወዳዳሪ ያንኑ ርካሽ ሞተር ስለሚጠቀም፣ ገንዘብ ያለው ልጅ ውድ ሞተር ገዝቶ የሌለውን የሚቀድምበት በር ጠበበ። በእኛ አስተያየት ለወጣቶች ውድድር ከዚህ የተሻለ ደንብ ማግኘት ያስቸግራል። አሸናፊውን የሚለየው ክንፉን ማን በብርጭቆ ወረቀት አሳምሮ እንዳለሰለሰ፣ ማን ጥቂት ግራም እንደቀነሰ ነው።

ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን ቀድሞ ኤፍ5ዲ ብሎ መድቦት በነበረው ከፍ ያለ ውድድር ደግሞ አውሮፕላኖቹ በሦስት ምሰሶዎች ዙሪያ 10 ዙር ይሽቀዳደማሉ። ጭንቁ ያለው መታጠፊያው ላይ ነው። ከፍታዋን ሳትለቅ 80 ዲግሪ ተጋድማ የምትታጠፍ አውሮፕላን ክንፏ የሚሸከመው ከክብደቷ ስድስት እጥፍ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። ግማሽ ኪሎ የምትመዝነው ለዚያች ቅጽበት 3 ኪሎ ያህል ሆነች ማለት ነው። ሙጫው የሳሳ ክንፍ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው፤ ቀጥ ብሎ ሲበር ግን ምንም እንከን አይታይበትም።

አሁን ኒኬል ካድሚየም ቦታውን ለሊቲየም ፖሊመር ለቋል። ባለ 3 ክፍሉ 11.1 ቮልት ይሰጣል፤ ክብደቱም ቀላል ነው። 2200 ሚሊ አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 22 አምፒር ሲሳብበት በ6 ደቂቃ ያልቃል፤ ስለዚህ 4 ደቂቃ ላይ ማሳረፍ ይበጃል። እናትና አባት ግን ይህን ልብ ይበሉ፦ ይህ ባትሪ ከሬዲዮ ድንጋይ ጋር አይመሳሰልም። አንዱ ክፍል ከ4.2 ቮልት በላይ ከተሞላ፣ ከተወጋ ወይም ከተጨፈለቀ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ለእርሱ በተሠራ ቻርጀር፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ ወይም በሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ከፍራሽና ከመጋረጃ ርቆ፣ ሰው እየተጠባበቀው ይሞላ። ሌሊት ሰክቶ መተኛት ፈጽሞ አይገባም። ያበጠ ባትሪም «አንድ ጊዜ ብቻ» ተብሎ አይበረርበትም።

ለአዲስ አበባ ልጆች አንድ ነገር እንጨምር። ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ባሕር ማዶ በተጻፈ መመሪያ የተሠራች አውሮፕላን እዚህ አየር ላይ ለመቆየት ወደ 12 በመቶ ፈጥና መብረር ይኖርባታል፤ ሞተሩም ያንኑ ፕሮፔለር ይዞ የሚገፋው ያንሳል። መድኃኒቱ ሰፋ ያለ ክንፍና ጥቂት የረዘመ ፕሮፔለር ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ባልሳ እንጨት ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም፤ ቴሌቪዥን የሚታሸግበት ነጭ ፎም ይበቃል። መቆጣጠሪያውን ከውጭ ከማስመጣት በፊት ግን ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት መጠየቅ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያና ከሰው መሰብሰቢያም መራቅ ግድ ነው።

ከመወርወር በፊት ባትሪው ቦታው ላይ ታስሮ፣ አውሮፕላኗን ከክንፏ ሥር በሁለት ጣት ጫፍ አንሧት። ጣቶቹ የሚያርፉት ከክንፉ የፊት ጠርዝ ከስፋቱ አንድ አራተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ላይ ነው። ጭራዋ ወደ ታች ከወረደ ባትሪውን ወደ ፊት ግፉት፤ ጥቂት አፍንጫዋን ብትደፋ ለጀማሪ አይከፋም። ከዚያ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ወርውሯት።